የሌላ ሰው ሳሎን በእኛ ስም

ዛሬ ስለ ድረ ገጽ ላጫውታችሁ ነው። «ድረ ገጽ ደግሞ ከመንፈሳዊ ሕይወት ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እስኪ ትንሽ ታገሡኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን የምታገለግል አንዲት እህት አለች፤ ታሪኳን የምጽፈው በፈቃዷ ነው። የቤት ውስጥ ዲዛይን ተምራ በጥቂት ገንዘብ የራሷን ሥራ ጀመረች። ሦስት ቤቶች ሠርታ እንደጨረሰች ድረ ገጽ አሠራች። በገጹ ላይ ሃያ ያህል ፎቶግራፎች ነበሩ፤ የእርሷ ሥራ ግን አራቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከኢንተርኔት የተለቀሙ የውጭ አገር ሳሎኖችና ማድ ቤቶች ነበሩ። ገጹን የሠራላት ልጅ «ሁሉም የሚያደርገው እንደዚህ ነው» ብሎ መክሯት ነበር።

አንድ ቀን ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው ባልና ሚስት መጡ። ከፎቶዎቹ መካከል አንዱን ነጭ ማድ ቤት አሳይዋትና «ይህን የሠራሽበትን ቤት ሄደን ብናየው?» አሏት። እርሷም ደንግጣ «ባለቤቶቹ ውጭ አገር ናቸው» አለች። አንዱ ውሸት ሌላውን ወለደ። በማግስቱ ባልየው ደወለ። ለካ ወንድሙ ፎቶውን ጎግል ላይ አስገብቶ ሲፈልግ በሌላ አገር ድርጅት ገጽ ላይ አግኝቶት ኖሯል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማንም ሰው ፎቶ አስገብቶ ከየት እንደመጣ መፈለግ ይችላል። ሥራው ቀረ። ከሥራው መቅረት ይልቅ ያመማት ግን የሰውዬው የመጨረሻ ቃል ነበር፦ «ጴንጤ ናት፣ አትዋሽም ብለው ነበር የላኩን።»

ያን ማታ ቤታችን መጥታ «እትዬ፣ እኔ እኮ ማስታወቂያ እንጂ ውሸት አልመሰለኝም ነበር» ብላ አለቀሰች።

መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 መጀመሪያ ላይ እግዚአብሔር ሐሰተኛ ሚዛንን እንደሚጸየፍ ይነግረናል። ሚዛን ማለት ገዢው በዓይኑ መገመት የማይችለውን እውነት የሚነግረው ዕቃ ነው። ድረ ገጽም እንዲሁ ነው። ደንበኛው የሠራችሁትን ቤት ሳይረግጥ በዚያ ገጽ ብቻ ይመዝናችኋል። እንግዲህ ገጹ እውነተኛ ሚዛን ይሁን። ይህች እህት ገጿን እንደገና ስትሠራ የተማረችውን ላካፍላችሁ።

ጥቂትም ቢሆን የራስን ማሳየት

ከተበደሩት ሃያ ፎቶዎች ይልቅ የገዛ እጃችን ሦስት ቤቶች ይበልጣሉ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከክፍሉ አንድ ማዕዘን ቆማችሁ ፎቶ አንሡ፤ ሲያልቅ ከዚያው ቦታ ድገሙት። መጋረጃውን ገልጣችሁ በቀን ብርሃን፣ ስልኩን በደረት ከፍታ አግድም ይዛችሁ ብታነሡ ግድግዳው የተጣመመ አይመስልም። ከፎቶው ሥር የክፍሉን ስፋት፣ የተጠቀማችሁበትን ዕቃ፣ ሥራው የፈጀውን ጊዜ ጻፉ። ካቢኔቱን የሠራው አናጢ ሌላ ሰው ከሆነ ስሙን በፈቃዱ ጥቀሱ። በኮምፒዩተር የተሣለ ከሆነ ደግሞ «ዕቅድ» በሉት እንጂ ካለቀ ሥራ ጋር አትቀላቅሉት።

የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ መቀበል አይዘንጋ። የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ የበሩ ቁጥርና ሠፈሩን የሚያሳብቅ ነገር አይታይ። ቤታቸውን አምነው ከፍተውልናልና።

ለደንበኛው ስልክ ማሰብ

አብዛኛው ደንበኛ ገጻችሁን የሚያየው በእጅ ስልኩ፣ በራሱ የኢንተርኔት ጥቅል ነው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ሊመዝን ይችላል፤ አሥሩን እንዳሉ ብትጭኗቸው የሰውን ካርድ ትጨርሳላችሁ። ስፋታቸውን ወደ 1600 ፒክስል፣ ክብደታቸውን ወደ 300 ኪሎባይት ብታወርዱ በስልክ ላይ ጥራታቸው ብዙም አይጓደልም። ጎግል የገጹ ዋና ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። በቢሯችሁ ዋይፋይ ሳይሆን ርካሽ ስልክ ይዛችሁ መንገድ ላይ ቆማችሁ ሞክሩት።

በግልጽ መናገር

«ሕልምዎን እውን እናደርጋለን» የሚለው ቃል ለማንም ምንም አይነግርም። «በአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤቶችን ማድ ቤት፣ ቁም ሳጥንና የጂፕሰም ኮርኒስ እንሠራለን» የሚለው ግን ፈላጊውን ከተፈላጊው ያገናኛል። የማትሠሩትንም ተናገሩ። ዋጋው በካሬ ሜትር ይሁን በሥራው ዓይነት እንዴት እንደሚሰላ፣ ቅድሚያ ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ከመለካት እስከ ማስረከብ ያለው ሂደት ምን እንደሚመስል በቅደም ተከተል አስፍሩ። ጽሑፉ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቢኖር ይመረጣል። አንዱ «ሕንጻ»፣ ሌላው «ህንፃ» ብሎ ስለሚፈልግ ሁለቱም አጻጻፍ በገጹ ውስጥ ቢገኝ ይጠቅማል።

በዋሽንግተን ወይም በጅዳ ተቀምጦ ለእናቱ ቤት የሚያስጨርስ ወገን መጥቶ ማየት አይችልም። ስልክ ቁጥራችሁ በ+251 ይጀምር፤ ሲነካ የሚደውል ይሁን። ሥራው በየሳምንቱ በፎቶ እንደሚላክለት ቃል ከገባችሁም ቃላችሁን ጠብቁ። የደንበኛ ምስክርነትም ደንበኛው ራሱ የተናገረው ብቻ ይሁን።

የገጹ ባለቤት መሆን

ፌስቡክና ቴሌግራም ይጥቀሙ እንጂ የሰው ቤት ናቸው፤ ባለቤቱ ደንቡን በቀየረ ጊዜ ተከራዩ ምንም ማለት አይችልም። የድረ ገጹ ስም፣ ዶት ኮምም ይሁን የአገራችን ዶት ኢቲ፣ ሠሪው ልጅ ስም ላይ ሳይሆን በእናንተ ወይም በድርጅታችሁ ስም ይመዝገብ። የይለፍ ቃሉ በእጃችሁ ይሁን፤ የማደሻው ቀንም አይለፋችሁ።

ያቺ እህታችን ምን ሆነች? ለእነዚያ ባልና ሚስት ደውላ ይቅርታ ጠየቀች። ይቅርታዋን ተቀበሉ፤ ሥራውን ግን ለሌላ ሰጡ። አዲሱ ገጿ ሦስት ቤቶችን ብቻ ይዞ ተከፈተ። ለወራት የደወለ አልነበረም። በኋላ አንዲት እናት ለመኝታ ቤታቸው ቁም ሳጥን ፈልገው ደወሉና «ይህን በፎቶ ያለውን በዓይኔ ባየው ደስ ይለኛል» አሏት። «ነገ ጠዋት እወስድዎታለሁ» አለቻቸው። ስልኩን እንደዘጋች ወደ እኔ ደውላ «እትዬ፣ ዛሬ ሳልፈራ መለስኩ» ስትለኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወገኖቼ፣ ሙያችሁ ልብስ ስፌትም ይሁን ምግብ ዝግጅት፣ ዛሬ ማታ ገጻችሁን ክፈቱና እያንዳንዱን ፎቶ «ነገ ጠዋት ላሳይ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁት። የማትችሉትን አጥፉት። ገጹ ባዶ ቢመስል አትፍሩ፤ ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ።