የስቶማ ከረጢት ያላቸው ሕሙማን በረመዳን፤ የእጅ ስልካችን ምን ይረዳል?

በረመዳን ቤታችን በሰው ይሞላል። ለኢፍጣር ጎረቤት ይጠራል፣ ዘመድ ይመጣል፣ ከዒሻ በኋላም ተያይዘን ወደ ተራዊሕ እንሄዳለን። በዚህ ሁሉ መካከል ግን ከማዕዱ ራቅ ብለው የሚቀመጡ፣ «ትንሽ አሞኛል» ብለው ከመስጂድ የሚቀሩ ወገኖች አሉን። በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሆዳቸው ላይ ከረጢት የያዙ ሕሙማን ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ብዙዎቹ ሕመሙን ችለውታል፤ የከበዳቸው «ይሸት ይሆን? ሰው መሀል ይፈስብኝ ይሆን?» የሚለው ጭንቀት ነው።

ሐኪሞች ስቶማ የሚሉት ሰገራ ወይም ሽንት እንዲወጣበት በቀዶ ሕክምና ሆድ ላይ የሚከፈተውን መውጫ ነው። ከትልቁ አንጀት የሚወጣው ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ኢሊዮስቶሚ፣ የሽንቱ ደግሞ ዩሮስቶሚ ይባላል። ለአንዳንዱ ሰው የጥቂት ወራት ነው፤ ለሌላው የዕድሜ ልክ። ጤናማ ስቶማ እንደ ከንፈር ውስጠኛ ክፍል ቀላና እርጠብ ያለ ነው። ሲጠርጉት ጥቂት ደም ቢያሳይ አያስደነግጥም። ከጠቆረ ወይም ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

መጾም ያለበትና የሌለበት

ስለ ፆም ከመነጋገር በፊት ታማሚያችን የያዘው የትኛውን ዓይነት እንደሆነ እንወቅ። ኮሎስቶሚ ያለው፣ ቁስሉ የዳነለትና ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ሐኪሙን አማክሮ ሊጾም ይችል ይሆናል። የኢሊዮስቶሚ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ውኃና ጨው ወደ ሰውነት የሚመልሰው በዋናነት ትልቁ አንጀት ሲሆን፣ ምግቡ እዚያ ሳይደርስ ስለሚወጣ በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚጠጋ ፈሳሽ በከረጢቱ ይፈስሳል። በአገራችን የፆሙ ቀን 13 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ያህል ሰዓት ምንም ሳይጠጣ እየፈሰሰበት የዋለ ሰው ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል። የሽንት መጥቆርና ማነስ፣ ማዞር፣ የጡንቻ መሸማቀቅ፣ የአፍ መድረቅ ምልክቶቹ ናቸው። እነዚህ ሲታዩ ፆሙን ፈትቶ ኦአርኤስ መጠጣትና ሐኪም ጋር መደወል ይገባል። ውኃ ብቻ አብዝቶ መጠጣት ፈሳሹን ይብስ ሊያበዛው ይችላል። ኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰውም ያለ ሐኪሙ ምክር መጾም የለበትም።

አደጋው የሚብሰው ታማሚው «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ተደብቆ ሲጾም ነው። አላህ ለታመመ ሰው ፆሙን በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል፤ መዳኑ ለማይጠበቅ ሕመምተኛ ደግሞ ፊድያ እንዳለ ዑለማዎቻችን ያስተምራሉ። ስለዚህ አባታችን ወይም እናታችን በረመዳን ቀን ውኃ ቢጠጡ የሚያፍሩበት ቤት እንዳይሆን ማድረግ የልጆች ድርሻ ነው።

በኢፍጣር ማዕድም ጥቂት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በተለይ ኢሊዮስቶሚ ላለው ሰው ቴምር በትንሽ በትንሹ፣ በደንብ ታኝኮ ይበላ። በቆሎ፣ ኦቾሎኒና የደረቀ ፍራፍሬ መውጫውን ሊዘጉ ይችላሉ። የምስር ሳምቡሳ አየር ያበዛል። ሩዝ፣ ሙዝና የተቀቀለ ድንች ፈሳሹን ያጠጥራሉ። ሾርባው ጨው ቢጤ ቢኖረው ለኢሊዮስቶሚ ታማሚ ይጠቅማል፤ የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ካለበት ግን ሐኪሙ ይጠየቅ።

ከነርሷ እስከ ቤት፣ በስልክ

ለካንሰር ሕክምና ከወረዳቸው ተነስተው አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ድረስ የሚመጡ ብዙዎች ናቸው። ሆስፒታል ውስጥ የተማሩት የከረጢት አቀያየር ቤት ሲደርሱ ግራ ያጋባቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ አውቶቡስ መሳፈር አይቻልም። ታዲያ በእጃችን ያለው ስልክ ከቴሌግራም ወሬ ያለፈ ሥራ ሊሠራልን ይችላል።

ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ነርሷ ከረጢቱን ስትቀይር በፈቃዷና በታማሚው ፈቃድ በቪዲዮ እንቅረጽ። በዙሪያው ያለው ቆዳ ከቀላ ወይም ከላጠ በቀን ብርሃን፣ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም አጠገቡ አስቀምጠን ፎቶ እናንሳና ለሕክምና ባለሙያው እንላክ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ተለጣፊው ላይ የተቆረጠው ቀዳዳ መስፋቱ ነው፤ ከስቶማው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ቢበልጥ ይበቃል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሳምንታት ስቶማው ስለሚያንስ ልኩን ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። በስልኩ ማስታወሻ ላይ ከረጢቱ የተቀየረበትን ቀንና የፈሳሹን መጠን መመዝገብም ሐኪሙን በእጅጉ ይረዳል።

ከረጢት ሲያልቅ ፌስታልና ጨርቅ የሚያስሩ አሉ፤ ይህ ቆዳውን ይልጣል። ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት ከረጢት ልትልክ ካሰበች የአሮጌውን ካርቶን ፎቶና የስቶማውን ልክ በሚሊሜትር በኢሞ እንላክላት። ልኩ ያልሆነ ካርቶን ሙሉ ከረጢት ከሚመጣ፣ ልኩ የሆነ ጥቂት ይሻላል።

ገላ አማና ነው። ፎቶው ፊት እንዳይታይበት፣ በቤተሰብ የጋራ ግሩፕ እንዳይለቀቅ፣ ከተላከ በኋላም ከስልኩ እንዲጠፋ እንጠንቀቅ። በግሩፖች ውስጥ «ካንሰርን የሚነቅል» ቅጠል የሚሸጡም አይጠፉምና ምክር ከሐኪም እንጂ ከነጋዴ አይወሰድ።

ብቻችንን አይደለንም

ሆድ ላይ የሚለጠፈው ከረጢት ራሱ የአስታማሚ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤሊሰ ሶረንሰን የተባለች ዴንማርካዊት ነርስ እህቷ ቶራ ስቶማ ከወጣላት በኋላ ይፈስብኛል ብላ ከቤት መውጣት ስትፈራ አይታ ነው ተለጣፊ፣ ተጠቅሞ የሚጣል ከረጢት ያሰበችው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአሜሪካ ነርሶችና ራሳቸው ስቶማ ያላቸው ሰዎች በጋራ ሆነው የካንሰር ታማሚዎችን በቪዲዮ ጥሪ ያስተማሩበት ፕሮግራም ተሞክሯል፤ አስታማሚዎችም የራሳቸው ክፍለ ጊዜ ነበራቸው። ይህን መሰሉን በትንሹ እኛም ማድረግ እንችላለን፤ ከረጢት መያዝ የለመደ አንድ ሰው አዲስ ለጀመረ ሰው ቢደውልለት ብዙ ጭንቀት ያቀልለታል።

ለመስጂድም መንገድ አለ። ከረጢቱ ሲሶው ወይም ግማሹ ሲሞላ ማፍሰስ፣ ከተራዊሕ በፊትም ባዶ ማድረግ፣ ቅያሬ በትንሽ ቦርሳ መያዝ ይበቃል። በፊቅህ፣ የሚወጣውን መቆጣጠር የማይችል ሰው ወቅቱ ሲገባ ውዱእ አድርጎ ይሰግዳል፤ ሳይፈልግ የሚወጣው ሶላቱን አያበላሽበትም። ዝርዝሩ በየመዝሀቡ ስለሚለያይ የሰፈራችንን ኡስታዝ መጠየቅ ነው፤ አፍሮ ከጀመዓ ከመቅረት ጠይቆ መሄድ ይሻላል።

አስታማሚንም አንርሳ። ለሱሑር የምታበስለው፣ ሌሊት ከረጢት የምትቀይረውና ቀን የምትጾመው ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ወይም አንዲት ሚስት ናት። ወንድሞችም ቪዲዮውን አይተው ይማሩ፣ ተራ ይግቡ። ታማሚው ራሱ ከቻለ መቀየሩን ይልመድ፤ ክብሩም ይመለስለታል።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሽፋውን፣ ለአስታማሚዎቻችን አጅሩን ይስጥልን።