ምርቃቱ አልቆ… ባትሪው ሳይቀየር!

ባለፈው ጥር ነው። አንድ የጉለሌ ልጅ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሠርግ ያነሳል። ሙሽሪት የአያቷን ጉልበት ስማ እየተመረቀች ሳለ ካሜራው ጭጭ አለ! ባትሪ አልቋል። ትርፍ ባትሪ ይዟል፤ ግን የግሪፑ መሳቢያ አልወጣ አለው። ሲታገል እልልታው ቀለጠ። ከሁለት ወር በኋላ አያት አረፉ። ሙሽሪት አልበሙን እያገላበጠች፣ «ወንድሜ፣ የእማማ ምርቃት የታለ?» ስትለው ምን ይበላት?

እናንተስ ግሪፕ ስትገዙ ምኑን ታያላችሁ? ካሜራውን ማግዘፉን? ለቁም ፎቶ መጫኛ መጨመሩን? ይሁን። ቁም ነገሩ ግን ባትሪ አቀያየሩ ነው።

የካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ግሪፕ ሁለቱንም ባትሪ በአንድ መሳቢያ ይይዛል፤ ሲቸግር በ6 ትናንሽ ድንጋዮችም ይሠራል። በኒኮን ዲ 800 ግን አንዱ ባትሪ ግሪፑ ውስጥ፣ ሌላው ካሜራው ሆድ ውስጥ ነው። የውስጡን ለመቀየር ግሪፑን መፍታት ግድ ነው። ስለዚህ ከሜኑው ላይ የግሪፑ ባትሪ ቀድሞ እንዲሠራ አድርጉ፤ እሱ ሲያልቅ ወዲያው ቀይሩ፤ የውስጡ መጠባበቂያ ይሁናችሁ።

እንጦጦ ስትወጡ ደግሞ ብርድ ባትሪ ያደክማልና ትርፉን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት።

ከመግዛታችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ መሳቢያውን አሥር ጊዜ አውጡ፣ አስገቡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁም ሞክሩት። ባለሱቁ ቢስቅ ይሳቅ! ባትሪ ይቀየራል፤ የአያት ምርቃት ግን አይደገምም።