በልደት በዓል ቤትን ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ኅዳር 15 ቀን የጀመርነው ጾመ ነቢያት ወደ ፍጻሜው ቀርቧል። ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፥ የጌታችንን ልደት በደስታ እናከብራለን። እናቶች በማጀት፥ አባቶች በገበያ ደፋ ቀና የሚሉበት ወራት ነው። ስለ ልደቱ ምሥጢር በልዩ ልዩ ጊዜ ትምህርት ሰጥተናል፤ ዛሬ ግን በዓሉ የሚከበርበትን ቤት ከእሳት፥ ከከሰል መርዝና ከሌላም አደጋ ስለ መጠበቅ ልንነግራችሁ ወደድን። ምናልባት ከአድማጮቻችን መካከል፥ ይህ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ትምህርት እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነውን? የሚል ይኖር ይሆናል። አዎን፥ የቤተ ክርስቲያንም ትምህርት ነው። ምክንያቱንም ከቅዱስ መጽሐፍ እናስረዳለን።

በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 በቁጥር 8 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዟል። መከታ ሳያደርግ ቀርቶ ሰው ቢወድቅ፥ የወደቀው ሰው ደም በቤቱ ላይ ይሆናል። እንግዲህ እግዚአብሔር ስለ ጸሎትና ስለ መሥዋዕት ሕግ እንደ ሰጠ ሁሉ፥ ስለ ቤት ደኅንነትም ሕግ ሰጥቷል። አስቀድሞ ሊከለከል የሚችለውን አደጋ ቸል ማለት በእርሱ ዘንድ በደል ሆኖ ይቈጠራል ማለት ነው።

እንደዚሁም ቅዱስ ዮሴፍን እንመልከት። ሄሮድስ ሕፃኑን ሊገድል እንደሚፈልግ መልአኩ በሕልም በነገረው ጊዜ፥ ዮሴፍ፥ ሕፃኑ አምላክ ስለ ሆነ ራሱን ይጠብቅ፥ ብሎ አልተኛም። በዚያው ሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ ሸሸ። እምነት ማለት ይህ ነው። የታዘዘውን ጥንቃቄ ፈጽሞ፥ ከሰው ኃይል በላይ የሆነውን ለእግዚአብሔር መተው ነው። ጥንቃቄውን ትቶ እግዚአብሔር ያውቃል የሚል ሰው ግን አምላኩን ይፈታተናል እንጂ አያምንም።

ከሁሉ አስቀድመን ስለ እሳት እንናገር። የታኅሣሥ ወር ዝናም የሌለበት፥ ሣሩ የደረቀበት፥ ነፋሱም የሚያይልበት ጊዜ ነው። በባላገር መከሩ ተሰብስቦ በየአውድማው ተከምሯል፤ የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶችም አሉ። በኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 22 እሳት ለኩሶ የሰውን ነዶ ያቃጠለ ሰው ካሣ እንዲከፍል የተጻፈው፥ አንድ ፍንጣሪ የአንድን ዓመት ድካም በአንድ ሰዓት ስለሚያጠፋ ነው። ስለዚህ ረመጡን ነፋስ በሚወስደው ቦታ አትድፉት፤ ውኃ አፍስሳችሁ፥ ፈጽሞ መጥፋቱንም አይታችሁ ጣሉት።

በከተማም ቢሆን የበዓል ቤት ከሌላው ቀን ይልቅ ለእሳት የተመቸ ነው። ለጌጥና ለመልካም ሽታ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ በመጀመሪያው ቀን እርጥብ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ግን ደርቆ የማገዶ ያህል ይሆናል። በዚህ በደረቀው ቄጠማ ላይ የቡናው ከሰልና የዕጣኑ ማጨሻ ይቀመጣል፤ ልጆችም በዙሪያው ይሯሯጣሉ። ስለዚህ ቄጠማው ሲደርቅ ይጠረግ፤ ማንደጃውም በሰፊ ቆርቆሮ ወይም በድንጋይ ላይ ይቀመጥ። በቤት ውስጥ የምናበራው ጧፍና ሻማ ከመጋረጃ ይራቅ፤ ቤተሰቡም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ወይም ሲተኛ ይጥፋ። ባልበረደ ምድጃ ላይ ነጭ ጋዝ የሚጨምር ሰው በገዛ እጁ እሳት በራሱ ላይ ያፈሳል። ቡታጋዝ የሚጠቀም ሁሉ የጋዝ ሽታ በተሰማው ጊዜ ክብሪት አይጫር፤ መብራትም አያብራ፥ አያጥፋም፤ የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘግቶ በርና መስኮት ይክፈት። የኤሌክትሪክ ምድጃዎችን ሁሉ በአንድ ሶኬት ላይ መደራረብ ሽቦውን አግሎ ያቃጥላል። በየከተማው እንደ ተለመደው የገና ዛፍ በመብራት ያስጌጠ ሰውም ከመኝታው በፊት መብራቱን ከሶኬቱ ይንቀል።

ምእመናን ሆይ፤ አሁን ከእሳትም ይልቅ ስለሚያስፈራው እንነግራችኋለን፤ ድምፅ ሳያሰማ የሚገድል ነውና። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ነው። ቡና የተፈላበትን ፍም፥ ወይም ዶሮ ወጥ የተሠራበትን የከሰል ምድጃ፥ ሙቀቱ እንዳይባክን ብሎ ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። በዚህም ምክንያት ማታ በደስታ አብረው ራት የበሉ ሰዎች ጠዋት ሞተው የተገኙበት ጊዜ አለ።

የሚገድላቸውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ከከሰል የሚወጣ መርዛም አየር ነው። ይህ አየር ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዓይንንም አይቈጠቍጥም። ብዙ ሰው፥ ከሰሉ ጭሱን ጨርሶ ከቀላ ወዲያ ጉዳት የለውም፥ ብሎ ያስባል፤ ይህ ታላቅ ስሕተት ነው። የቀላው ፍምም፥ አመድ የለበሰው ረመጥም መርዙን ያወጣል። ወደ ሳንባ የገባው አየር ከደም ጋር ይቀላቀላል። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን ተሸክሞ ወደ አካላችን ሁሉ የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ከኦክሲጅን ይልቅ ይህን መርዝ ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ይይዛል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰም ቢሆን አንጎሉና ልቡ ኦክሲጅን ያጣሉ። የነቃ ሰው ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ይሰማዋል፤ የተኛ ሰው ግን ምንም ሳይሰማው እንደ ተኛ ይቀራል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የከሰል እሳት በውጭ ይቀጣጠል፤ በቤት ውስጥ የቡና ሥርዓት ሲደረግ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከመኝታ በፊትም ፍሙ ከቤት ይውጣ። ለብርዱ ልብስ ይደረብ። በዚህ መርዝ የተመታ ሰው ቢገኝ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፥ ሳይዘገዩም ኦክሲጅን ወደሚሰጥበት ሐኪም ቤት መውሰድ ያስፈልጋል። ሊረዳው የሚገባ ሰውም በሩን ሳይከፍት በውስጥ አይቆይ፤ ሁለተኛ ሬሳ እንዳይሆን።

በዚህ ስፍራ ለቤት ጌቶችና ለእመቤቶች የምንናገረው አንድ ነገር አለን። ቤተሰቡ ነጭ ልብሱን ለብሶ ለሌሊቱ ቅዳሴ በወጣ ጊዜ፥ በማጀት ውስጥ የቀረችው ማን ናት? ስትፈጭ፥ ስትከትፍና ስታነድድ የዋለችው የቤት ሠራተኛ አይደለችምን? መስኮት በሌለው ወጥ ቤት ውስጥ፥ ከምድጃው አጠገብ፥ በሩ ተዘግቶባት ትተኛለች። ለእርስዋ የምናስብላት ካልሆነ በዓላችን ምንድር ነው? ጌታችን በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልተገኘለት በከብቶች በረት ተወለደ፤ እንስሳትም በእስትንፋሳቸው እንዳሞቁት አባቶቻችን ያስተምሩናል። በበረት የተወለደውን ጌታ እያመሰገንን በቤታችን ያለችውን ልጅ ለመርዝ አሳልፈን ብንሰጥ፥ ያ በኦሪት የተነገረው ደም በቤታችን ላይ ነው። እንግዲህ ልብሷንና መኝታዋን እንመልከት፤ ፍሙን እናውጣላት፤ የምትተኛበትም ክፍል አየር ይኑረው።

ስለ ሕፃናትም ጥቂት እንበል። የሚፈላ ድስትና ጀበና ሕፃን በማይደርስበት ይቀመጥ፤ ነጭ ጋዝም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አይቀመጥ፤ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋልና። የተቃጠለ ሰው ሲኖር ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ማብረድ፥ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖም ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ቅቤ፥ ሊጥና የጥርስ ሳሙና መቀባት ሙቀቱን በውስጥ አፍኖ ቁስሉን ያባብሳል። በመጥበሻ ውስጥ ዘይት ቢቀጣጠል ውኃ አትጨምሩበት፤ ክዳን ድፉበትና ምድጃውን አጥፉ። በአዲስ አበባ የእሳት አደጋ በ939 ስልክ ይጠራል፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስም በ907 ይገኛል፤ ቁጥሮቹን ልጆቻችሁ ሁሉ በቃል ይወቋቸው።

ስለ ሌባ ብዙ አንናገርም። ጌታችን ራሱ ሌባው በምን ሰዓት እንደሚመጣ ባለቤቱ ቢያውቅ ኖሮ ቤቱ እንዲቈፈር ባልፈቀደም ነበር ብሎ በምሳሌ አስተምሮናል። ላሊበላን ለመሳለም ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የምትሄዱ ሁሉ ቤታችሁን ለታመነ ጎረቤት አደራ ስጡ፤ እናንተም በተራችሁ የጎረቤትን አደራ ጠብቁ። ጎረቤት የሌለው ሰው በር ቢኖረውም ቤቱ ክፍት ነው።

እንግዲህ፥ የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዋዜማው ማታ የቤቱ አባት ወይም እናት ከመተኛታቸው ወይም ወደ ቅዳሴ ከመሄዳቸው በፊት ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙሩ። ፍሙ ወጥቷልን? ሻማው ጠፍቷልን? ጋዙ ተዘግቷልን? በማጀት ያለችው ልጅ በደኅና ተኝታለችን? ይህን ከፈጸሙ በኋላ አማትበው ቤቱን ለእግዚአብሔር አደራ ይስጡ። የዮሴፍ ጥንቃቄና የዮሴፍ እምነት እንዲህ በአንድ ቤት ይገናኛሉ።

በቤተ ልሔም የተወለደው አምላካችን ቤታችሁን ይባርክ፤ ልጆቻችሁንና የምታስተዳድሯቸውን ሁሉ ከድንገተኛ አደጋ ይሰውር፤ ለከርሞውም በሰላም ያድርሰን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።