የመኪና ሞተር ማቀዝቀዣ ውሃ በቤት ስለ መለወጥ

የመኪናን ነገር የሚያነሣ ሰው ዘወትር የሚያስበው ስለ ነዳጁና ስለ ጎማው ነው፤ በራዲያተር ውስጥ ያለውን ውሃ ግን እስኪፈላ ድረስ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ከአበርገሌና ከዝቋላ ቆላ ወደ ሰቆጣ ለሚወጣ ሾፌር ይህ ዝንጋታ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ይከብደዋል። ዳገቱ ረጅም፣ ጋራዡ ሩቅ፣ ጭነቱም አንዳንድ ጊዜ የታመመ ሰው ነውና። ስለዚህ አስቀድመን ምክንያቱን፣ ቀጥለንም የሥራውን ተራ ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

ነዳጅ ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት ሞተሩ ወደ ጉልበት የሚለውጠው ከፊሉን ብቻ ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫውና በማቀዝቀዣው ውሃ በኩል መውጣት አለበት። ውሃው በፓምፓ እየተገፋ በሞተሩ አካል ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀቱን ተሸክሞም ወደ ራዲያተር ሲመጣ ነፋስ ያበርደዋል። ቴርሞስታት የሚባለው በር ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ይህን መንገድ ዘግቶ ይቆይና በኋላ ይከፍተዋል። ደኅና ሞተር በ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሠራል።

እንግዲህ የሰቆጣን ከፍታ እናስብ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ትበልጣለች። ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በሰቆጣ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የባቄላ ንፍሮ በደጋ ቶሎ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሞተሩ በ90 የሚሠራ፣ ውሃውም በ93 የሚፈላ ከሆነ በመካከላቸው የቀረው 3 ዲግሪ ብቻ ነው።

ይህን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ፈረንሳዊው ዴኒስ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 እንፋሎት አፍኖ የሚይዝ ድስት ሲሠራ እንዳሳየው፣ ታፍኖ የሚሞቅ ውሃ የሚፈላው ከተለመደው በላይ ሲሞቅ ነው። በብዙ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ይታያል፤ ትርጉሙም ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ የሚይዘው ግፊት ነው። 0.9 የተባለ ደኅና ክዳን በሰቆጣ ተራ ውሃን እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳያፈላ ያቆየዋል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ከተሰነጠቀ ግን ወደ 93 ተመለስን ማለት ነው። እንግዲህ ውሃ ከመለወጥ በፊት ክዳኑን መመርመር ይገባል።

ብዙዎች «እኛ በበረዶ አገር አንኖርም፤ ኩላንት ምን ያደርግልናል?» ይላሉ። እርግጥ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል የተደባለቀ ኩላንት ከዜሮ በታች እስከ 37 ዲግሪ ገደማ እንዳይረጋ መሆኑ ለሰቆጣ ብዙም አይጠቅምም። ነገር ግን ኩላንት ሌላ ሁለት ሥራ አለው፤ ውሃው የሚፈላበትን ሙቀት ከፍ ያደርጋል፤ ይልቁንም በውስጡ ያለው መድኃኒት ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከዝገት ይጠብቃል። ይህ መድኃኒት ቀለሙ ሳይለወጥ ኃይሉ ያልቃል። የድሮው ዐይነት በ2 ዓመት፣ አዲሱ ዐይነት ብዙውን ጊዜ በ5 ዓመት ይለወጣል፤ የመኪናው መጽሐፍ የሚለው ግን ከሁሉ ይበልጣል። የኩላንት ቀለም የዐይነቱ ማረጋገጫ አይደለምና ቀለሙን ብቻ አይቶ ሁለት ዐይነት ማደባለቅ አይገባም።

ውሃውም ይመረጥ። ከምንጭና ከጉድጓድ የሚቀዳ ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ያሟሟል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ይኸው ነው። በራዲያተር ጠባብ ቱቦዎች ውስጥም እንዲሁ ይጋገራል። የተጣራ የባትሪ ውሃ ከተገኘ መልካም ነው፤ ካልተገኘ በክረምት ጣሪያው በመጀመሪያው ዝናብ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ዕቃ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል። እርሱም ከሌለ ውሃን አፍልቶ፣ አሳድሮና ላዩን ብቻ ቀድቶ መጠቀም ጉዳቱን ይቀንሳል።

የሥራው ተራ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጎ ሞተሩን ማሳደር። የሞቀ ራዲያተር ክዳን በምንም ምክንያት አይከፈትም፤ ታፍኖ የቆየው ውሃ በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ሁለተኛ፤ የመኪናውን ማሞቂያ ወደ ሙቅ አዙሮ፣ ከራዲያተሩ ሥር ሰፊ ዕቃ አስቀምጦ ክዳኑንና የታችኛውን መክፈቻ መፍታት። መክፈቻ ከሌለው የታችኛው የጎማ ቱቦ ማሰሪያ በካቻቢቴ ይላላል።

ሦስተኛ፤ የወጣውን ማየት። ቡና የመሰለ ከሆነ ዝገት አለ። ዘይት ከላዩ ከተንሳፈፈ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሳይበላሽ አልቀረምና ሥራውን አቁሞ መካኒክ መጥራት ነው።

አራተኛ፤ ዘግቶ ንጹሕ ውሃ መሙላት፤ የላይኛው ቱቦ እስኪሞቅ ሞተሩን ማስነሣትና 10 ደቂቃ ያህል ማቆየት፤ ከዚያ አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ ማፍሰስ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ውሃው ጠርቶ ከወጣ ይበቃል፤ ካልጠራ ይደገማል።

አምስተኛ፤ መሙላት። ከታጠበ በኋላ ጥቂት ውሃ በሞተሩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ መኪናው 12 ሊትር የሚይዝ ከሆነ መጀመሪያ 6 ሊትር ያልተበረዘ ኩላንት ጨምሮ የጎደለውን በውሃ መሙላት ትክክለኛውን ድብልቅ ይሰጣል። ተበርዞ የተሸጠ ኩላንት ግን ሌላ ውሃ አይጨመርበትም።

ስድስተኛ፤ አየር ማስወጣት። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ሳይገጥሙ አስነሥቶ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፍትና አረፋው እስኪያቆም ቀስ እያሉ መጨመር፤ ከዚያ መክደን። ማጠራቀሚያ ዕቃውም በዝቅተኛውና በከፍተኛው ምልክት መካከል ይሞላል። በማግሥቱ ጠዋት ሞተሩ እንደ ቀዘቀዘ መጠኑን መልሶ ማየት ያስፈልጋል፤ ከጎደለ ወይ አየር ነበረ፣ ወይ የሚያፈስ ስፍራ አለ።

አሁን ከመኪናው ይልቅ ሰውን ወደሚመለከተው እንምጣ። 12 ሊትር የሚይዝ ሞተር ሦስት ጊዜ ቢታጠብ 36 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ይፈጃል። በዋግ ይህን ውሃ ብዙ ጊዜ በጀርባዋ የምታመጣው ሴት ናት። ስለዚህ በአንድ ጊዜ የጠራውን ለይምሰል ሦስት ጊዜ ማጠብ ነውር ነው።

የፈሰሰውም ውሃ ለከብትና ለጓሮ አይሆንም። በብዙ ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ መርዝ ነው፤ ያልተበረዘው 100 ሚሊ ሊትር ያህል አዋቂን ሰው ሊገድል ይችላል፤ ለሕፃን ከዚያ በጣም ያነሰው ይበቃል። የጠጣ ሰው በመጀመሪያ የሰከረ ይመስላል፤ ኩላሊቱ የሚጎዳው በኋላ ነውና ሕመሙ እስኪብስ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ይገባል። ሥራው እስኪያልቅ ልጆችን፣ ውሻንና ፍየልን ማራቅ፤ መሬት ላይ የፈሰሰውን በአፈር መጥጦ ማንሣት፤ አሮጌውን በወንዝም ሆነ በጉድጓድ አጠገብ አለመድፋት። በተዘጋና «መርዝ» ተብሎ በተጻፈበት ዕቃ አኑሮ የተቃጠለ ዘይት ለሚያጠራቅም ጋራዥ መስጠት ይሻላል። በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ ከቶ አይገባም፤ ኩላንት የነበረበት ጀሪካንም ተመልሶ ወደ ምንጭ አይሂድ። ታጥቦ ንጹሕ ቢመስል እንኳ ሌላ ሰው ውሃ እንዳይቀዳበት ወገቡን ቀዶ ማስወገድ ነው።