ማጀቱን የሚጠብቀው ስድብ

በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ስድብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያሉ፣ ሸማኔውንም በሽመናው እየነቀፉ ባለሙያን ማዋረድ እንዲቀር፤ ከዚያ ወዲያ ሠራተኛን በሥራው የሰደበ ንጉሡን እንደሰደበ እንዲቆጠር፤ ደግሞ ሲሰድብ የተገኘም አንድ ዓመት እንዲታሰር የሚያዝ ነበር። ምኒልክ የገባቸው ነገር ዛሬም ይሠራል። ስድብ ሰውን ከሥራ ያሸሻል። ማረሻ የሚሠራው ሰው ቡዳ እየተባለ ማን ልጁን አንጥረኛ ያደርጋል?

ከዚያ አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። የማጀቱ ሥራ ግን አሁንም በስድብ እንደታጠረ ነው። ሊጥ የሚያቦካ ወንድ ሴታሴት ነው፤ ማጀት ገብ ነው። ሚስቱ ወልዳ ተኝታ እሱ ወጥ ቢሠራ፣ ጎረቤት ደግነቱን ከማየቱ በፊት መስተፋቅር አሠርታበት እንደሆነ ይጠረጥራል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የሠራው እሱ፣ የምትወቀሰው እሷ። ባሏን ያጃጃለች ትባላለች። ቤቱ ተዝረክርኮ ከታየም ገልቱ የምትባለው እሷው ናት። ባልና ሚስት እኩል ውጭ ውለው ቢገቡም ለባል የተዘጋጀ እንዲህ ያለ ስድብ የለም። አባት የሞተበትን ልጅ እናቱ ብቻዋን ለፍታ ስታሳድግ፣ ልጁ ባጠፋ ቁጥር የሚወረወርበት «ሴት ያሳደገው» የሚል ነው። የእናቲቱ ልፋት ሁሉ ስድብ ሆኖ ይመለስላታል።

ሕጉ በበኩሉ ረጅም መንገድ ተጉዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ሾሞ ነበር። ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው፣ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለም የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያዝዝ ነበር። ልብስ ማጠብና ምጣድ ማሰስ በአንቀጽ የተደነገገ ግዴታ ነበር ማለት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በጋብቻ ውስጥ እኩልነትን ደነገገ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እና ሌሎች ብዙ ከወተወቱ በኋላ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን ራስነት አስቀርቶ ሁለቱም ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ አደረገ። አዲሱ ሕግ ምጣድን ማን ያስሳል የሚለውን አይናገርም፤ ሊናገርም አይገባውም። ግን ሕጉ የለቀቀውን ስፍራ ስድቡ ያዘው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2005 ዓ.ም. ባካሄደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ክፍያ የሌለው የቤት ሥራ ከፍተኛው ድርሻ በሴቶች ላይ ወድቆ ተገኝቷል።

ባህላችን ነው፣ ወንድ እሳት ዳር አይቀርብም የሚለው ክርክር ለእኔ ከሁሉ ያነሰ ነው። ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም። እዚያ አምባ ላይ የሚጋግሩትም፣ ወጥ የሚሠሩትም፣ ውኃ የሚቀዱትም መነኮሳት ናቸው። በየደብሩ ቤተልሔም ውስጥ የቅዳሴውን ኅብስት የሚያዘጋጁት ካህናትና ዲያቆናት ናቸው፤ ይህም ክብር እንጂ ነውር ሆኖ አያውቅም። የቆሎ ተማሪ የለመነውን ራሱ አሙቆ ይበላል። ሆቴል ቤት ነጭ ቆብ ደፍቶ የሚቀቅለው ወንድ ሼፍ ተብሎ ይከበራል። እንግዲህ ወንድ እሳት ዳር መቅረቡ አልነበረም ነውሩ። ነውር የተባለው ለሚስቱ ብሎ መቅረቡ ነው።

ይህን አጥር አፍርሶ መኖር እንደሚቻል ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ፣ አለምበር አጠገብ፣ አውራ አምባ አለች። መሥራቿ ዙምራ ኑሩ በልጅነታቸው የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ አባቴና እናቴ አብረው ከእርሻ ይመለሳሉ፣ አባቴ ሲያርፍ እናቴ ለምን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ እግር ታጥባለች፣ ከዘገየችም ለምን ትመታለች? ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ «እብድ» የሚል ስድብ ነበር። በ1964 ዓ.ም. ሐሳባቸውን ከተቀበሉ ጥቂት ገበሬዎች ጋር መንደሯን መሠረቱ። በደርግ ዘመን ማብቂያ ግድም ከአካባቢው ሰው ጥላቻና ከእስር ሸሽተው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ። ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ስለጠበቃቸው ሽመናን መተዳደሪያቸው አደረጉ። ዛሬ እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ ይጋግራል፣ ልጅ ያጥባል።

ስለ አውራ አምባ ሲወራ ሁሉም የሚያነሳው የሚጋግረውን ወንድ ነው። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ክፉ ንግግርን እንደ ክፉ ሥራ ቆጥረው ከመንደራቸው ለማስወገድ ተስማምተዋል። ዙምራና ጓደኞቻቸው የወንዱን እጅ ወደ ምጣድ የመለሱት አንደበቱንም አብረው ገርተው ነው። ትምህርቱ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከተማ ያለነው አቋራጭ አግኝተናል። ባልና ሚስት ስለ ድርሻቸው ሳይከራከሩ ሥራውን ከገጠር ለመጣች ልጅ ያስረክባሉ። ስሟን «ገረድ» ከማለት «ሠራተኛ» ወደማለት መሸጋገራችን መልካም ነው፤ ግን የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ እንኳ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ በደንብ እንዲወሰን ነው የተወው። ለቤት ሥራ ቤይሩትና ሪያድ ወርዳ ቤተሰብ የምታስተዳድረዋም «ካዳማ» እየተባለች በገዛ ወገኗ ትዋረዳለች። ቤት በላከችው ገንዘብ ተሠርቶ ሳለ።

«ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት»፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ»፣ «ሴትና አህያ በዱላ» የሚሉትን ተረቶች እንጣላቸው ወይስ እናቆያቸው የሚለው ክርክር ብዙ ዓመት ቆይቷል። ቅርስ ናቸው የሚሉ ወገኖች ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። መጽሐፍ ውስጥ ይቀመጡ፤ ተመራማሪ ያጥናቸው። ዳኛ፣ መምህር፣ የሠርግ ሽማግሌ አፍ ውስጥ ግን ቦታ የላቸውም። በዱላ የተባለች ሴት ዱላው በእውን ያርፍባታልና። የ2012ቱ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185 በጾታ ላይ የተመሠረተ ጥላቻንም ያካትታል፤ ሆኖም ሆነ ብሎ ጥላቻ የሚነዛን ሰው እንጂ ምራቷን ገልቱ ያለች አማትን ወደ ፍርድ ቤት ለመውሰድ አልተጻፈም፤ እንዲያ እንዲሆንም አልመኝም። የቤት ስድብ መድኃኒቱ ቤት ውስጥ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለወላጆች ነው፤ ለአባቶች ይበልጥ። ወንድ ልጃችሁ መጥረጊያ ሲያነሳ ከእጁ አትቀሙት። አጎቱ ወይም ጎረቤት ሴታሴት ሲለው ዝም አትበሉ፤ ልጁ እየሰማ መልሱለት። እህቱ ስታጠና እሱ ሰሃን ይጠብ። ነገም ተራው የእሷ ይሁን።