ኬላ ያለው፣ ማተሚያ የሌለው ገዥ፦ የላስታና የዋግ መሳፍንት

በላስታና በጎረቤቱ በዋግ የገዥው አቅም ይመነጭ የነበረው በዋነኛነት ከጉልት፣ ማለትም ከመሬት ላይ ግብር የመሰብሰብ መብት፣ ሲሆን ከእርሱ ቀጥሎ ደግሞ ከመንገድ ነበር። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን በወርቅ፣ በብርና በመዳብ የራሳቸውን ሳንቲም ቢያስቀርጹም ልማዱ ተቋርጧልና የዛጉዌ ነገሥታት፣ ቅዱስ ላሊበላን ጨምሮ፣ ለአብያተ ክርስቲያናት መሬት በመስጠት ሥልጣናቸውን ሲያጸኑ በስማቸው የተመታ ገንዘብ ግን አልነበራቸውም።

በዚያው ዘመን በጀርመን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1220 የጳጳሳትን ድጋፍ ለማግኘት ሲል፣ ያለ እነርሱ ፈቃድ በግዛታቸው አዲስ ቀረጥ እንዳይጥልና አዲስ የገንዘብ ማተሚያ እንዳያቆም ቃል ገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ለዓለማውያን መሳፍንትም ተመሳሳይ መብት በመስጠቱ እያንዳንዱ መስፍን በቀረጡም በገንዘቡም ላይ ጌታ ሆነ።

የላስታ ሰው ይገበያይበት የነበረው አሞሌ ግን የማንም ገዥ ማኅተም አልነበረበትም። ከአፋር ረባዳ ሜዳ ተቆርጦ እንደ መሳል ድንጋይ የተስተካከለው ይህ የጨው ዱላ በግመልና በበቅሎ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ የተሰበረው ዋጋው ስለሚቀንስና ዝናብ ስለሚያሟሟው፣ ሲራራ ነጋዴው ከእርጥበት ሲጠብቀው ይከርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ ላሊበላን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ አሞሌው ከተቆረጠበት ሥፍራ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እንደሚያሻቅብ ጽፏል።

የኬላ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ኬላ ማለት በተራራ በር ወይም በወንዝ መሻገሪያ የቆመ የቀረጥ መቀበያ ሲሆን፣ ጠባቂዎቹ ጭነቱን ቆጥረው ብዙ ጊዜ ከራሱ ከአሞሌው ድርሻቸውን ያነሡ ነበር፤ ወደ ላስታ የሚያልፈው ጨው በሰቆጣ ገበያ ይዘልቅ ስለነበርም የዋግሹሞች፣ ማለትም የዋግ ገዥዎች፣ ገቢ ከዚህ ንግድ ጋር ተሳስሮ ኖሯል። በዘመነ መሳፍንት (እ.ኤ.አ. 1769–1855) ማዕከላዊው ዙፋን ሲዳከም በየአውራጃው ኬላ በረከተ፤ ነጋዴውም ኬላ እየከፈለ፣ ሲቻለውም ኬላ እየሰበረ ይጓዝ ጀመር።

መንገዱን መዝጋት ግን ገንዘቡን ከመቆጣጠር እጅግ ያነሰ ሥልጣን ነው፤ ምክንያቱም ጀርመናዊው መስፍን የብሩን ሚዛን ቀንሶ ማትረፍ ሲችል የዋግ ገዥ ከሚያልፈው ላይ ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። ከውጭ የገባው ጠገራ ብርም 1780 የሚል ዓመተ ምሕረትና የኦስትሪያዋን የማሪያ ቴሬዛን መልክ የያዘ ነበርና ተቀባዩ የዘውዷን ዕንቁዎች ቆጥሮ ትክክለኛነቱን ከማረጋገጥ በቀር ስለ ሀገሩ ገዥ የሚያነብበት ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1868 አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት ዋግሹም ጎበዜ እንኳ በዚሁ የሰው ሀገር ብር የሚሠራ ሀገር ነበር የገዙት። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በስማቸው ብር በፓሪስ ሲያስመቱ በገበያው የነበሩት ጠገራ ብርና አሞሌ ወዲያው አልጠፉም፤ ከአዲሱ ገንዘብ ጎን ለጎን ለረጅም ዓመታት መዘዋወራቸውን ቀጠሉ።