ሁለት ቀን በሉክሶር ከልጆች ጋር

ሉክሶር በደረስን በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ካላየን ብዬ ቤተሰቡን አደከምኩ። እኩለ ቀን ላይ የሰባት ዓመቷ ልጄ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ «ሆቴል እንሂድ» እያለች አለቀሰች።

እርስዎ እንዲህ አያድርጉ። ከተማዋን ዓባይ ለሁለት ይከፍላታል፤ ቀኑንም እንደዚያው ይክፈሉት።

አንደኛው ቀን፦ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ጠዋት 134 ግዙፍ ዓምዶች ያሉትን የካርናክ አዳራሽ ይጎብኙ። ከሰዓት ይረፉ። ሲመሽ በመብራት የሚደምቀውን የሉክሶር ቤተ መቅደስ ይዩ።

ሁለተኛው ቀን፦ በማለዳ ወደ ምዕራብ ይሻገሩ። በነገሥታት ሸለቆ ከ60 በላይ መቃብሮች ስላሉ ሁለት ሦስት መርጠው ይግቡ። እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘው የቱታንካሙን መቃብር ለብቻው ትኬት ይቆረጥለታል።

ወሩንም ይምረጡ፤ በበጋቸው ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ይሻላል።

እኛ በማግስቱ የሄድነው ወደ ንግሥት ሃትሼፕሱት ቤተ መቅደስ ብቻ ነው። ግድግዳው ላይ ከፑንት ምድር የዕጣን ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው የሚመለሱ ሰዎች ተቀርጸዋል። ብዙ ተመራማሪዎች ፑንትን ከእኛው ቀጣና ጋር ያገናኟታል።

ልጄ ጠጋ ብላ አየችና «የአያቴ ዕጣን!» አለች። ከጉዞው ሁሉ እስካሁን የምታወራው ይህንን ነው።